ዘመድ ያልተገኘለት ፎቶ

ኢድል በሐርተሼክ የስደተኞች ሠፈር «ያለሽን ሀብት ቁጠሪ» ብትባል ሦስት ነገር ትጠራ ነበር፤ አንድ ድስት፣ አንድ የሰሌን ምንጣፍና አርብ ቀን። ድስቱንና ምንጣፉን ከአጎቷ ቤተሰብ ጋር ትጋራለች። አርብን ግን ከማንም ጋር አትጋራም።

አርብ ከጁምዓ ስግደት በኋላ የኢልኮ መኪና ከድንበር ማዶ ይመጣል። ኢልኮ ማለት «ጥርሶ» ማለት ነው። ሹፌሩ ሲስቅ ፊቱ በሙሉ ጥርስ ስለሚሆን የወጣለት ስም ነው፤ የዱሮ ስሙን እናቱም ሳትረሳው አልቀረችም። ኢልኮ ከታጋዮቹ ዘንድ ቁስለኛ ይጭናል፣ ወሬ ይጭናል፣ ከወንበሩ ሥር ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ አያጣም። በዚያ ጥቅል ውስጥ ጦርነቱ አለ። የተማረከ ታንክ ላይ የተንጠለጠሉ ወጣቶች፣ ጎማው ነዶ በቸርኬው የቆመ የጭነት መኪና፣ ጣሪያው ወርዶ ግድግዳው ብቻ የቀረ መንደር። በየፎቶው ጀርባም በእርሳስ የተጻፈ ስም።

ስሙን የምታነበው ኢድል ናት። ሃርጌሳ ሳትፈርስ በፊት አስተማሪ ነበረች፤ ድምፅዋ አርባ ተማሪ ጸጥ ያሰኛል። ግራሩ ሥር የተገለበጠ የውኃ በርሜል ላይ ትወጣና ፎቶውን ለሕዝቡ ታሳያለች፣ ከዚያ ገልብጣ ታነባለች። «ጃማ ዱዓሌ ኑር። በሕይወት አለ!» ከሕዝቡ መሀል አንዲት እናት እልልታዋን ትለቀዋለች። እልልታ ብቻውን ግን ፎቶ አያሰጥም። በዚያ አገር ስም የጋራ ነው፤ አንድ ጃማ ሲጠራ ስድስት ጃማ «አቤት» ይላል። ስለዚህ «ዘመዱ ነኝ» የሚል ሰው ሰባት ቤት መቁጠር አለበት፤ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ወደ ላይ። ሲቆጥር ሕዝቡ በየስሙ «ሃዬ!» እያለ ይቀበለዋል፤ ይበል፣ ቀጥል ማለት ነው። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ፎቶውን ይወስዳል፣ ኢድልም ከስሙ ትይዩ «ዘመድ ተገኝቷል» ብላ በወረቀት ትጽፋለች። ጠያቂ ከጠፋ «ዘመድ አልተገኘም» ትላለች። ወረቀቱን ኢልኮ ለፎቶ አንሺው ይመልሳል።

ፎቶ አንሺው ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ውኃ የጠማው ሰው ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረው መቼ ይጠይቃል? ኢድል ግን ታውቃለች። የእርሳሱን አያያዝ፣ የፊደሉን ዘመም ማለት ታውቃለች።

ከየጥቅሉ አንዱ ፎቶ ሰው የለበትም። ቤቱ ፈርሶ ብቻውን የቆመ በር ይሆናል፣ ወይም ገመዱ የተበጠሰ የውኃ ጉድጓድ። ጀርባው ላይ ግን እንደሌሎቹ ሁሉ ስም አለ፤ «ሂሎውሌ ሰብሪዬ በላን።» ሦስቱም ሰው የሚጠራባቸው ስሞች ናቸውና ማንም ልብ አይላቸውም። ሲፈቱ ግን ሂሎው ናፍቆት ነው፣ ሰብሪ ትዕግሥት፣ በላን ደግሞ ቀጠሮ። ናፍቆት፣ የትዕግሥት ልጅ፣ የቀጠሮ የልጅ ልጅ። ያ ስም አይደለም፤ ደብዳቤ ነው። አዴር፣ ማለትም አጎቴ፣ የምትለው ደዋሌ በእጇ የሚገባን ወረቀት ሁሉ ስለሚመረምር፣ ደብዳቤዋን በአጎቷና በሠፈሩ ሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብላ ታነባለች።

«ይኼ ሂሎውሌ የሚሉት ልጅ የታል ታዲያ?» አለች አንድ አርብ ሁሉም «አዬዮ»፣ አያቴ፣ የሚላት አሮጊቷ ወርሰን፣ ከፊት ተቀምጣ አንገቷን እያሰገገች። አዬዮ ወርሰን ልጇ ካሂን ከታጋዮቹ ጋር ከሄደ ወዲህ አንድ አርብ አልቀረችም፤ አንድም ቀን ፎቶው አልመጣላትም። «እኔ የማየው በር ብቻ ነው።»

«ከበሩ ኋላ ነው፣ አዬዮ።»

«ምን ያስደብቀዋል? ቆንጆ አይደለም እንዴ?»

«ዓይናፋር ነው» አለች ኢድል፣ ጉንጯ እየጋለ።

በሚቀጥለው ሳምንት በተቃጠለ አውቶቡስ ፎቶ ጀርባ «ነበዶን ሂሎውሌ ሰብሪዬ» የሚል መጣ። ነበዶን ሰላም ፈላጊ ማለት ነው። አዬዮ ወርሰን ጭኗን መታች። «ጉድ ነው! ዓይናፋሩ ሂሎውሌ መቼ አግብቶ ወለደ? በጥይት መሀል እንኳ አርፎ አይቀመጥም?» ሕዝቡ በሳቅ አለቀ። አዴር ደዋሌም ሳይቀር መቁጠሪያውን ይዞ ሳቀ። አሮጊቷ ግን ወዲያው እጆቿን ዘረጋች። «እናቱ እዚህ ከሌለች እኔ ልጸልይለት፤ የኔንም ልጅ የሌላ እናት ትጸልይለት ይሆናል።»

ኢድል በዚያን ቀን ወረቀቱ ላይ ከሂሎውሌ ስም ትይዩ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ዘመድ ተገኝቷል። ይጠብቀዋል።» ወደ ድንኳኗ ስትመለስ መሬቱን የረገጠችው አይመስላትም ነበር።

*

ጉሌድ በሃርጌሳ ገበያ ጥግ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረው። የተማሪዎቿን ጉርድ ፎቶ ልታስነሣ ስትሄድ ነው ያወቀችው። ሲያነሣ ግራ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያ ደንብ ነው። እሱ ግን ሲያፍርም ይጨፍነው ነበር። ኢድል ሦስተኛ ጊዜ ያለ ተማሪ ብቻዋን ስትመጣበት «ዛሬ ማንን ላንሣ?» አለና ዓይኑን ጨፈነ፤ ካሜራው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

አባቱ ጫማ ሰፊ ነው። አያቱም፣ የአያቱም አባት። በዚያ አገር ጫማ ሰፊው ከሌለ ሁሉም ባዶ እግሩን ነው፤ ሰርጉን የሚያደምቀው እሱ፣ ግመሉን ሲታመም የሚያክመው እሱ። ጫማውን ይጫሙለታል፣ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። ለምን ቢባሉ መልስ የላቸውም፤ ዱሮም እንዲህ ነው ይላሉ።

ጉሌድ የሰፈሩን አንድ ሽማግሌ አስከትሎ ኢድልን ሊጠይቅ አዴር ደዋሌ ቤት የመጣ ዕለት፣ ኢድል ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አዴር ደዋሌ ክፉ ሰው አይደለም። ወንድሙ ሲሞት የስድስት ዓመት ሕፃን ተቀብሎ ያሳደጋት፣ «ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን?» ሲሉት ተቆጥቶ ያስተማራት እሱ ነው። ለእንግዳውም ሻይ አስቀዳ። ከዚያ «እስቲ ሰባት ቤት ቁጠርልኝ፣ ልጄ» አለው።

«ጉሌድ፣ ሙሴ፣ ሮብሌ፣ ዒጌ...»

«በቃ፣ በቃ!» አዴር ደዋሌ እየሳቀ እጁን አነሣ። «ጫማ ሰፊ ከሦስት አያት በላይ ከየት ያመጣል? ከዚያ በላይ ተረት ነው። ሻይህን ጠጣ።»

ጉሌድ ሻዩን ጠጣ። በማግስቱ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ኢድል «ጨርስልኝ» አለችው። ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ጨረሰላት። ጌዲ መንገድ ላይ የተወለደ ነው። ወርፋ መሰንቆ የማይችል ዘፋኝ ነበር፤ በድምፁ ብቻ ሰርግ ያሟሙቅ ነበር። ሰመተር በድርቁ ዘመን ለጫማ ያለፋውን ቆዳ ቀቅሎ ጎረቤት አብልቷል። ዲሪዬ ደግሞ... ኢድል እንደ ተማሪ እየደጋገመች በቃሏ ያዘችው። «ሰባት ሞላ» አለችው። «እኔ አንድ ሰው ሰማሁህ። ይበቃል?»

«ይበቃል» አላት ጉሌድ። አልበቃውም፤ ድምፁ ያስታውቅ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የመንግሥቱ አውሮፕላኖች ከራሷ ከከተማዋ ዳር እየተነሡ ራሷን ከተማዋን ይመቷት ጀመር። ሕዝቡ ልጁን በጀርባው አዝሎ ወደ ድንበር ጎረፈ። ጉሌድ እስከ ከተማው መውጫ ድረስ የአዴር ደዋሌን ትንሹን ልጅ ተሸክሞ አብሯቸው ተጓዘ። እዚያ ልጁን አስረከበና ካሜራውን አንገቱ ላይ አጠለቀ። «ይኼንን ያየ ሰው ካልኖረ፣ ነገ ተረት ነው ይሉናል» አለ። ኢድል ቢጫ የትከሻ ሻርፗን አውልቃ፣ በሕዝብ መሀል፣ አንገቱ ላይ ጣለችለት።

አዴር ደዋሌ አየ። ሁለት ቀን ተጓዘና በሦስተኛው እንዲህ አላት። «ልጄ ነሽ። የዚያን ልጅ ስም ግን አንድ ቀን ከአፍሽ ብሰማ፣ የወንድሜ ልጅ መሆንሽ ያን ቀን ያበቃል።» ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነ፤ ስሙ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ማታ ማታ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ሙሴ፣ ሮብሌ፣ ዒጌ፣ ጌዲ። ይህን መቁጠር የተኛችበትን መሬት ያለሰልስላት ነበር።

*

ሰው የሚወደውን ሲያገኝ ሞኝ ይሆናል ይላሉ። ሲጠራጠር ግን ከሞኝም ይብሳል።

ከዝናቡ ወር በኋላ በመጣው ጥቅል ውስጥ አንዲት ሴት ታጋይ ነበረች። የተማረከ መኪና ተደግፋ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ካሜራ አይታ የምትስቅ ሴትና ካሜራ የያዘውን ሰው አይታ የምትስቅ ሴት ይለያያሉ፤ ይህን ለማወቅ ፎቶ አንሺ መሆን አያስፈልግም። ፎቶው ከደረቷ በላይ ብቻ ነው የሚያሳየው። አንገቷ ላይ ግን ሻርፕ አለ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነውና ቀለሙ አይታይም፤ ጫፉ ላይ ያለው የወፍ ጥልፍ ግን ኢድል በገዛ እጇ የጠለፈችው ነበር።

«ደቃ ኑር ሸርማርኬ» ብላ አነበበች። «በሕይወት አለች።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ አስተማሪ ናት። ከወዲያ ጫፍ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ሰባት ቤት ቆጠረና የእህቱን ልጅ ፎቶ እየሳመ ወሰደ። ወስዶም ገላገላት።

ሕዝቡ ሲበተን ወደ ኢልኮ ሄደች። «ያቺ ደቃ የምትባለዋ... ማናት?»

ኢልኮ ስለ ኢድልና ስለ ጉሌድ የሚያውቀው አንዳች የለም። እሱ የሚያውቀው መሪና ቀልድ ነው። «ደቃ?» አለ ጥርሱን ሁሉ ብልጭ አድርጎ። «የፎቶ አንሺው ጥላ ናትኮ! እሱ በሄደበት እሷ አለች። ካሜራው ቢጠፋበት ይሻለዋል እሷ ከምትጠፋበት!»

ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስም፤ ቀልድም ቢሆን። ኢድል ወረቀቱን ተቀብላ በርሜሉ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ሳምንትም ሰው የሌለበት ፎቶ መጥቶ ነበር፤ አንድ ብቻውን የቀረ ዛፍ፣ ጀርባው ላይ «ሂሎውሌ ሰብሪዬ በላን»። እርሳሷን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጠያቂ ለጠፋላቸው ስትጽፈው የኖረችውን ሁለት ቃል ከስሙ ትይዩ ጻፈች።

ዘመድ አልተገኘም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ኢልኮ ሞተሩን አስነሥቶ ሲሄድ፣ አቧራው ሳይበርድ፣ ልቧ «ጥሪው! አስመልሺው!» አላት። ኩራቷ ግን እግሯን ያዘው። መኪናው ጠመዝማዛው ላይ እስኪሰወር ቆማ አየችውና፣ መልሳ የማታገኘውን ነገር የጣለች ያህል እጆቿን አየቻቸው።

*

በሚቀጥለው አርብ መኪናው አልመጣም። በሁለተኛውም አልመጣም። ኢድል ቁጣዋ በመጀመሪያው ሳምንት አለቀባት፤ በሁለተኛው የቀራት ፍርሃት ብቻ ነበር። ወረቀት ላይ የምትጽፈውን ይቅርታ በልቧ ታሰናዳ ጀመር፤ እንደ ስም ሆኖ፣ ማንም ሳይገባው፣ ለሱ ብቻ የሚገባ።

በሦስተኛው አርብ ኢልኮ ያለ ጡሩምባ መጣ። ወትሮ ከኮረብታው ጀምሮ ጡሩምባውን እየነፋ ነበር የሚወርደው። ወርዶም አልሳቀም። ጥቅሉን ሲሰጣት እጇን ያዝ አደረገና «ኢድል፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር...» አለ። ሕዝቡ ግን ሁለት ሳምንት ተርቦ ነበር፤ እየገፋ መጣ። «አንብቢ! አንብቢ!» ኢድል እጇን አላቃ በርሜሉ ላይ ወጣች።

የመጀመሪያው ፎቶ የተቃጠለ ታንክ ነው፤ በአፈሙዙ ላይ የሕፃን ልብስ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። ሁለተኛው ቦዳሌ የምትባል መንደር፣ መስጊዱም ቤቶቹም ከወገባቸው የተቆረጡ። ሦስተኛው አራት ታጋዮች በአንድ ሳህን ሲበሉ። ከአራቱ ለሁለቱ ዘመድ ተገኘ፣ ለሁለቱ አልተገኘም። ሰው የሌለበትን ፎቶ በጣቷ እየፈለገች ገለጠች። አልነበረም።

የመጨረሻውን ፎቶ ለሕዝቡ ከማዞሯ በፊት አየችው። ፎቶው ጠመም ያለ ነው፤ ካሜራ የማያውቅ እጅ ነው ያነሣው። ጉሌድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ተይ፣ እኔን አታንሺ» እንደሚል አንድ እጁን ዘርግቶ ይስቃል። ግራ ዓይኑ ጨፍኗል። ከስቷል። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ፊቱን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ደስታዋ ከመቅጽበት ሞልቶ ፈሰሰ፤ «አለ!» አለች በልቧ፤ ፎቶውንም ለሕዝቡ ከፍ አድርጋ አሳየች። ከዚያ ገለበጠችው።

ፊደሉ የሱ አልነበረም።

ማንበብ ነበረባት። ሕዝቡ እየጠበቀ ነው። ጮክ ብላ ጀመረች። «ጉሌድ። ፎቶ አንሺ። ያለፈው ማክሰኞ ቦዳሌ ላይ... ወደቀ።» የራሷን ድምፅ ከሩቅ ሰማችው። ጽሑፉ ግን አላለቀም፤ በደቃቅ ፊደል እስከ ጠርዙ ተሞልቷል፤ ማቆም ደግሞ አልቻለችም። «የአባቶቹን ስም አናውቅም። ነግሮን አያውቅም። ስንጠይቀው ‹ከሦስት በላይ ተረት ነው› ይል ነበር። እኔ የፊልም ቦርሳውን የምሸከምለት ደቃ ነኝ። ትከሻዬ በተሰበረ ቀን በአንገቱ የነበረውን ሻርፕ አውልቆ ክንዴን አሰረልኝ። አልቅሼ ስለነበር ሊያስቀኝ ፈለገ፤ ‹ሳቂ፣ ሐርተሼክ ላይ ስምሽን የምታነብ አንዲት አስተማሪ አለች፣ ያለቀሰ ሰው አትወድም› አለኝ። ሳቅኩ፣ አነሣኝ። ሻርፑን ልመልስለት ስል ‹እስኪድን ያዥው፣ ባለቤቷ አትቆጣም› አለኝ።»

ኢድል ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ሦስት መስመር ቀርቷል።

«ከመሞቱ በፊት በነበሩት ቀናት አንዲት ወረቀት ከኪሱ እያወጣ ያነብ ነበር። ምን እንደምትል ብጠይቀው ‹ዘመድ የለህም ትላለች፤ እውነቷን ነው› ብሎ ሳቀ። ዓይኑን ግን አልጨፈነም። ዘመድ ካለው እባካችሁ ይነሣ።»

እንደ ደንቡ ኢድል መጠየቅ ነበረባት፤ ጠየቀችም። «ዘመዱ... ማነው?»

ማንም አልተነሣም። ጫማ ሰፊዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ የጉሌድ አባት በስደቱ መንገድ ላይ ሞቷል፤ የቀሩት ወገኖቹ ወዴት እንደተበተኑ የሚያውቅ የለም። ሰው እርስ በርሱ ተያየና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ኢልኮ የኢድልን እጅ አይቶ፣ መጻፍ እንደማትችል አይቶ፣ ወረቀቱንና እርሳሱን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደ። «ይቅር በይኝ» አለ በሹክሹክታ። «አላወቅኩም ነበር። ያን ቀን ቀልዴን ነበር...» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከጉሌድ ስም ትይዩ መጻፍ ጀመረ። «ዘመድ አል...»

ኢድል እርሳሱን ያዘችው።

«ቆይ» አለች። ቀና ብላ ቆመች። አዴር ደዋሌን በሕዝቡ መሀል አየችው፤ መቁጠሪያው በእጁ ቆሟል። የት እንደምትሄድ ገብቶታል። ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ ተይ፣ ልጄ፣ ተይ።

«ጉሌድ» አለች ኢድል።

ቅድም አንብባው ነበር፤ አሁን ግን ስሙ ከራሷ ወጣ። ዓመት ከመንፈቅ ያፈነችው ስም ነው።

«ውረጂ!» አዴር ደዋሌ ጮኸ። «ኢድል! አባትሽ ከመቃብር ይሰማሻል!»

«ይስማ፣ አዴር። እሱ ቢሆን ሰባቱን ቤት ሳይሰማ ሰው አይመልስም ነበር።» «የጉሌድ አባት፣ ሙሴ!»

ማንም «ሃዬ» አላለም። ስሙ ግራሩ ሥር ብቻውን ቀረ። ደንቡ ደግሞ ደንብ ነው፤ ተቀባይ የሌለው ቆጠራ አይቆጠርም። ኢድል ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች።

ከፊት አዬዮ ወርሰን በትሯን ተደግፋ ተነሣች። «ሃዬ» አለች በተሰነጠቀ ድምፅ። ዞራ ሕዝቡን አየች። «ምን ዓይናችሁን ታፈጣላችሁ? የሞተ ልጅ ነው'ኮ! ካሂንም አንድ ቦታ ላይ እንዲህ ተዘርግቶ ይሆናል። ሃዬ በሉ!»

«ሮብሌ» አለች ኢድል። «በዝናብ ቀን የተወለደው።»

«ሃዬ» አሉ ሦስት አራት ሰዎች።

«ዒጌ። ጌዲ፣ መንገድ ላይ የተወለደው።»

«ሃዬ! ሃዬ!»

«ወርፋ፣ በድምፁ ብቻ ሰርጋችሁን ያሟሟቀ።»

«ሃዬ!»

«ሰመተር፣ በድርቁ ዘመን ቆዳ ቀቅሎ ጎረቤቱን ያበላ።» እንባዋ ሳይሆን ድምፅዋ ነበር የሚፈስሰው። «ዲሪዬ። ሰባት! አዴር፣ ሰባት ሞላ። ተረት አይደለም።»

«ሃዬ!» አለ ግራሩ ሥር ያለው ሕዝብ ሁሉ።

አዴር ደዋሌ ብቻ አላለም። መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተ፣ ኩፍያውን ከራሱ አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ ዞሮ ሄደ። ሰዎች ገለል እያሉ መንገድ ለቀቁለት። የሚሄድበት ድንኳን የሷም ድንኳን ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ያሳደጋት ሰው ነው፤ ጀርባው ሲጎብጥ አየች። ይሁንና አልጠራችውም።

ኢልኮ ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ «ምኑ ነሽ ልበል?» አላት። «የሚጻፍበት ቦታ አለ።»

ኢድል ወረቀቱን ተቀበለችው። የጀመረውን «ዘመድ አል...» በአንድ መስመር ሰረዘችና ከሥሩ ራሷ ጻፈች፤ «ዘመድ ተገኝቷል። ኢድል።» ምኑ እንደሆነች አልጻፈችም፤ ለዚያ የሚሆን ስም ማንም ሳይሰጣት ቀርቷል። ወረቀቱን አጥፋ ለኢልኮ ልትመልስ እጇን ዘረጋች፣ እሱም ሊቀበል ዘረጋ። ሁለቱም በአንድነት ቆሙ። የሚያነበው ሰው የለም። ይህችን ቃል ከሦስት ሳምንት በፊት ብትጽፋት ኖሮ በኪሱ ይዟት ይሞት ነበር።

ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ሕዝቡ ቀስ እያለ ተበተነ። አዬዮ ወርሰን አልሄደችም። በትሯን በርሜሉ ላይ አስደግፋ እጇን ዘረጋች፤ ኢድል ፎቶውን ሰጠቻት። አሮጊቷ ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ አራቅ አድርጋ፣ እንደገና አስጠግታ አየችው።

«ሂሎውሌ ማለት ይኼ ነው?» አለች።

ኢድል አሮጊቷ ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ አልጠየቀችም። «እሱ ነው፣ አዬዮ።»

«ከበሩ ኋላ ወጣ በይኛ።» አዬዮ ወርሰን ፎቶውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ምንም አቧራ አልነበረበትም። «ምን ነበር ሲደበቅ የከረመው? እንዴት ያለ ቆንጆ ልጅ ነው!»

ኢድል እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላለቀሰችም ነበር።